የመሪዎችን ብቃት በኢንተርኔት ውይይት ማሳደግ

ሽማግሌን መሾም ቀላል ነው፤ መሪ እንዲሆን ማብቃት ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)ና በሻሸመኔ ያሉ አገልጋዮችን በየሳምንቱ በአንድ አዳራሽ ለሥልጠና መሰብሰብ አይቻልም፤ ብዙዎቹ ነጋዴዎች፣ መምህራን ወይም ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ስልክ ለዚህ ሥራ እንድትጠቀሙበት ልመክራችሁ እወዳለሁ።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ስብሰባ ሲከለከል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ቴሌግራምና ዙም ዞረዋል። ዙም ሁሉም በአንድ ሰዓት እንዲገኝ ይጠይቃል። በቴሌግራም ግን እያንዳንዱ በሚመቸው ጊዜ አንብቦ፣ አስቦና ጸልዮ ይመልሳል። በስብሰባ ዝም የምትለው እኅትና ወጣቱ ዲያቆንም ሐሳባቸው ይነበባል።

እንዴት ይካሄዳል?

1. ቡድኑ ከ8 እስከ 12 ሰው ይሁን።
2. ሰኞ አንድ ጉዳይ ይቅረብ። ለምሳሌ፦ ያለው ገንዘብ ለጣሪያ ወይም ለወንጌላዊ ደመወዝ ብቻ ቢበቃ ምን ትወስናላችሁ?
3. እያንዳንዱ ውሳኔውንና ምክንያቱን እስከ ረቡዕ ለአወያዩ ብቻ ይላክ፤ አወያዩም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያውጣው። አለዚያ ሁሉም የፓስተሩን ቃል ይደግማል።
4. ሐሙስና ዓርብ እርስ በርስ ይጠያየቁ።
5. ቅዳሜ አወያዩ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሆነ በአጭሩ ይጻፍ። አወያይነቱም በየተራ ይሁን።

በሐዋርያት ሥራ 15 የምናየው ይህንኑ ነው። በኢየሩሳሌም ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ ጴጥሮስ፣ በርናባስ፣ ጳውሎስና ያዕቆብ ተናገሩ፤ ውሳኔውም በደብዳቤ ተጽፎ በታመኑ ሰዎች እጅ ወደ አንጾኪያ ተላከ።

ምን እንጠንቀቅ?

የምእመናንን ገመና በስልክ አትጻፉ፤ አንዴ ከተላከ አይመለስም። በኦሮምኛ መጻፍ የሚቀልለው በኦሮምኛ ይጻፍ። ኢንተርኔት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ተገድቦ ነበር። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በአካል ተገናኙ።

ከሁሉ በላይ እናንተ ፓስተሮች ታገሡ። እኔ በጀመርኩ ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀድሜ መልስ እሰጥ ነበር። ወንድሞችም "አሜን" እያሉ ያልፉ ነበር እንጂ ማንም ውሳኔ መወሰን አልተማረም። ዝም ማለት ስጀምር ግን እነርሱ መናገር ጀመሩ። እኛ ስናልፍ መንጋውን የሚጠብቁት እነዚህ ናቸውና ዛሬ ዕድል እንስጣቸው።