የሁነይ አደራ፦ የዑመር ሒማና የድኾች መንጋ

በጃሂሊያ ዘመን ኀያል የጎሣ አለቃ ለምለም ምድር ሲያገኝ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ውሻ ያስጮህና ድምፁ እስከ ደረሰበት ያለውን ግጦሽ ለራሱ መንጋ ብቻ ይከልል እንደ ነበር ኢማም አሽ-ሻፊዒይ አውስተዋል። ከዚያ ውጭ ባለው መሬት ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል ያሰማራል። ሒማ ማለት ይህ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ልማድ ሽረው ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ደነገጉ፤ ነቂዕንም ከለሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) እ.ኤ.አ. ከ634 እስከ 644 በዘለቀው ኺላፋቸው ሸረፍንና ረበዛን ጨመሩ።

ጥያቄው የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የተከለለው ሣር የብዙ አርቢዎች መተዳደሪያ ነበርና ማን ይግባ፣ ማንስ ይከልከል?

ዑመር ነፃ የወጡትን አገልጋያቸውን ሁነይን በሒማው ላይ ሲሾሙ የሰጡት ትእዛዝ በሰሒሕ አል-ቡኻሪና በሙወጧእ ተመዝግቧል። የተበዳይን ዱዓእ እንዲፈሩ ካስጠነቀቁ በኋላ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን እንዲያስገቡ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ) መንጋ ግን እንዳያስገቡ አዘዙ። ምክንያቱን ሲገልጹም የእነዚህ ከብት ቢያልቅ ተምርና እርሻ አላቸው፤ የድኻው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል፤ ስለዚህ ከወርቅና ከብር ይልቅ ውሃና ሣር መስጠት ይቀልላል አሉ። ሁለቱም ባለጸጎች በጀነት ከተበሠሩት ዐሥር ሶሓቦች መካከል መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ደረጃቸው የግጦሽ መብት አላስገኘላቸውም።

በየሚንበሩ የሚወሳው ይህ የዘገባው ክፍል ነው። ለታሪክ አጥኚ ግን ተከታዩ ይበልጥ የሚያስገርም ይመስለኛል። ዑመር የአካባቢው ሰዎች እንደ ተበደሉ እንደሚሰማቸው አልሸሸጉም፤ መሬቱ የእነርሱ መሆኑን፣ በጃሂሊያ እንደ ተዋጉለት፣ በእጃቸው ሳለም እንደ ሰለሙ መሰከሩ። በአላህ መንገድ ሰው የሚጫንባቸው እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ አንድ ስንዝር እንኳ ባልከለሉ ነበር። መከለሉ ለሕዝብ ጥቅም ቢሆንም ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ዐውቀው ተናገሩ።

በሒጃዝና በዐሲር ተራሮች መንደርተኛው ራሱ የሚጠብቃቸው ሒማዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የሳዑዲ መንግሥት ሒማዎቹን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ውሳኔው ለእኩልነት የቆመ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ውሃ በጭነት መኪና እያስጫነ ከሩቅ የሚመጣው ባለ ብዙ መንጋ፣ ጥቂት በጎች ካሉት የመንደሩ እረኛ ጋር በአንድ ሣር ላይ እኩል ተሰማራ። በብዙ ቦታም ሣሩ ብዙ አልቆየም።