ኩዋሮና መራጭ፦ የሰጪና የተቀባይ ፖለቲካ በጋምቤላ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ ምርጫና ስለ ደጅ ጥናት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ከአዲስ አበባ እንደምነሣ ገምተው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን የመረጥሁት ጋምቤላን ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት፣ በዚያ ምድር በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰጪዎች ተከታትለው ስለ ታዩ ነው። የፊተኛውን ሰጪ ተቀባዮቹ ራሳቸው ሊሽሩት ይችሉ ነበር። የኋለኛውን ግን አልቻሉም። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ መመርመር የድምፅ ቆጠራ ውጤቶችን ከመደርደር ይልቅ ስለ መራጩ ጠባይ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1927 ዓ.ም. በአኙዋ አገር ተዘዋውሮ ያየውን ከአምስት ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አሳትሟል። ከእርሱ በኋላ ጎድፍሬይ ሊንሃርት በዚያው ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ስለ መንደር አለቆች ጽፏል። ሁለቱም እንደሚያስረዱት የአኙዋ መንደር አለቃ ኩዋሮ ይባላል። መንደርተኛው ለኩዋሮው አጎንብሶ ይቀርባል፤ እርሻውን ያርስለታል፤ ካደነውም አውሬ ድርሻውን ያመጣለታል። ኩዋሮው በበኩሉ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ዶቃ ይሰጣል፣ ለወጣቱ የማጫውን ጉድለት ይሞላል። በእጁ የሚገኙት የሹመት ምልክቶች የመንደሩ ከበሮዎችና ዶቃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እጁ ያጠረ ወይም የሠሠተ ዕለት፣ ወይም ለአንዱ ወገን አድልቶ ሌላውን የበደለ ዕለት፣ መንደሩ ለሁለት ይከፈልና ከዚያው ከአለቆች ዘር ሌላ ሰው ይነሣበታል። ይህ የመንደር ዐመፅ አጌም ይባላል። የተሻረው ኩዋሮ ብዙውን ጊዜ ወደ እናቱ ዘመዶች መንደር ሄዶ ይጠለላል፤ ከበሮውም ለተተኪው ይተላለፋል። ዕድል ከቀናውም ያው መንደር አንድ ቀን መልሶ ይጠራዋል።

አጌምን ዴሞክራሲ ብሎ መጥራት ማጋነን ይሆናል። ተፎካካሪው ከአንድ ዘር ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይፈስስበታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለበት፤ ኩዋሮው የሚሰጠው ሀብት ከዚያው ከመንደሩ ጉልበት የወጣ በመሆኑ፣ መንደሩ ጉልበቱን ሲነፍገው የሚሰጠው ያጣል። ተቀባዩ ሰጪውን የሚይዝበት ገመድ በእጁ ነበር ማለት ነው።

ደገኛው አንባቢ ይህን ሲያነብ የቤተ መንግሥት ግብር ትዝ ሊለው ይችላል። በእኛም ዘንድ ጌታ ያበላ ነበርና። ሆኖም የደጋው ሹም የሚሻረው ከላይ እንጂ በአዳራሹ ከበሉት ሰዎች አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሹመትም ሽረትም ከአንድ ምንጭ እንደሚወርዱ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። አኙዋው ይህን ተረት ቢሰማ ግማሹ ብቻ የሚገባው ይመስለኛል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በጠመንጃ ነው። የዝሆን ጥርስ ወደ ደጋ ሲወጣ ጠመንጃ ወደ ቆላ ወረደ። በደቡብ ምሥራቁ የአኙዋ አገር የሚገኙት መኳንንት፣ በተለይም ኡዲየል ዋ ኩዋትና ከእርሱ በኋላ የመጣው አኩዌይ ዋ ቻም፣ ይህን ንግድ አጥብቀው ያዙ። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የተከፈተው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሥራውን ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በመጋቢት 1904 ዓ.ም. የአኩዌይ ሰዎች ከሱዳን የተላከውን የእንግሊዝ ጦር ኦዶንጋ ላይ ገጥመው ብርቱ ጉዳት አደረሱበት። ይህ ጦርነት ብዙ ጊዜ የሚተረከው ለጀግንነቱ ነው። እኔ ግን የምመለከተው ሌላውን ገጽ ነው። ጠመንጃ የሚያድል መኰንን ተከታዮቹን የሚያፈራው ከመንደሩ እርሻ ሳይሆን ከሩቅ ገበያ በሚያገኘው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ሰጪ በአጌም መጣል እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘመናት በአጭሩ ላልፋቸው እችላለሁ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ሲካሄድ ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪውም ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ደርግ ኩዋሮዎቹንና መኳንንቱን ሽሮ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መናብርትን በቦታቸው አስቀመጠ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ መራጩ ከዕጩዎች መካከል አንዱን ለይቶ ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን የሠራተኞች ፓርቲ፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። በዚያው ሥርዓት ጋምቤላ ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ ሆነች። ይህ ለኋለኛው ዘመን የተተወ ትልቅ ውርስ ነው፤ ክልል ሲኖር በጀት ይኖራል፣ በጀት ሲኖር ሹመት ይኖራልና።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሥልጣኑን የተረከበው የአኙዋ ተዋጊዎች ያቋቋሙት የጋምቤላ ሕዝቦች ነጻነት ንቅናቄ ነበር። ኑዌሮችም የየራሳቸውን ወገን አደራጁ። በዚህ መካከል በ1987 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ኑዌር ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ 40 ገደማ፣ አኙዋ ደግሞ ከመቶ 27 ገደማ መሆናቸውን ገለጠ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይህ ርቀት ሰፍቶ ኑዌር ወደ 47፣ አኙዋ ወደ 21 ሆኑ። በሌላ አገር ቆጠራ የስታቲስቲክስ ሥራ ነው። በጋምቤላ ግን የቢሮ ኃላፊነት፣ የምክር ቤት ወንበርና የመንግሥት ቅጥር በብሔረሰብ ስለሚከፋፈሉ፣ እውነተኛው ምርጫ ቆጠራው ሆኖ የድምፅ መስጫው ቀን የእርሱ ማጽደቂያ እስከ መምሰል ደረሰ። ከደጋ የመጣው ነዋሪ፣ ከእነዚህም መካከል በ1977 እና 78 ዓ.ም. በሠፈራ የመጡት፣ በዚህ ክፍፍል ውስጥ የሚቆጠሩ እንጂ የሚሾሙ አልነበሩም ማለት ይቻላል።

ገዢው ግንባር የአኙዋውንና የኑዌሩን ድርጅት በ1990 ዓ.ም. በአንድ ጥላ ሥር አዋሕዶ የጋምቤላ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ግንባርን አቋቋመ። በዚያው ሰሞን መምህራንና ሌሎች የተማሩ ሰዎች የተሰባሰቡበት የጋምቤላ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ኮንግረስ ተመሥርቶ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ተወዳደረ። አሸናፊው ግንባሩ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱ እንደገና ስሙንና ቅርጹን ለወጠ፤ በ1997 ዓ.ም.፣ በ2002 ዓ.ም. እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች የክልሉን ምክር ቤት ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ያዘ።

እዚህ ላይ እኛን የሙያ ሰዎችን የሚነካ ነገር አለ። ክልሉ የሚያስተዳድረው ገንዘብ አብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ የሚመጣ ነው። ፋብሪካ በሌለበት፣ የግል ሥራ በጠበበበት ከተማ የዚህ ገንዘብ ዋነኛ መውረጃ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ኩዋሮው ዶቃ ይሰጥ እንደ ነበረ ሁሉ የዘመኑ ሰጪ የሚያድለው የሥራ መደብ ነው። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው ራሳቸው የስጦታው ዕቃ ሆኑ። አንድ ሰው ተቀጥሮ አሥር ዘመድ ያበላል፤ አሥሩም ያ ሰው ከመደቡ እንዳይነቀል ይመርጣሉ። ይህን መራጭ አላዋቂ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልልም። በምዕራብ አፍሪቃ በቤኒን ሊዮናርድ ዋንቼኮን የተባለው ምሁር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ እውነተኛ ዕጩዎችን አስተባብሮ ሲፈትን፣ ለአካባቢ ሰው ሥራና ጥቅም የሚቀርብ ቃል ኪዳን ስለ አገር አቀፍ ፕሮግራም ከሚነገረው ይልቅ ድምፅ እንደሚያስገኝ አይቷል። ሴቶች ግን ከወንዶች ይልቅ ወደ አገር አቀፉ ያዘነብሉ ነበር። መራጩ የሚያሰላው በእጁ ባለው ነገር ነው።

ስሌቱ የሚበላሸው ሰጪው የሚሰጠውን ከተቀባዩ የማያገኝ ሲሆን ነው። የጋምቤላ ገበሬ በየዓመቱ የሚከፍለው ግብር ቢቀር ሹሙ አይራብም። በ2000ዎቹ ዓመታት መሬቱ ለትልልቅ ኩባንያዎች ሲከራይ፣ ለካሩቱሪ ብቻ 100,000 ሄክታር ሲሰጥ፣ ውሉ የተፈረመው አዲስ አበባ ነበር፤ በኋላ የተሰረዘውም እዚያው ነው።

ሹሙን ከሕዝቡ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ታየ። ስምንት የመንግሥት ሠራተኞች በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ፣ ከታኅሣሥ 3 ቀን ጀምሮ በጋምቤላ ከተማ አኙዋዎች ተጨፈጨፉ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች የሟቾቹን ቁጥር ከ400 በላይ ያደርሱታል። በጊዜው የክልሉ ፕሬዚዳንት ራሳቸው አኙዋ የነበሩት ኦኬሎ አኳይ ነበሩ። የመረጣቸውን ሕዝብ ሊያድኑ አልቻሉም፤ አገር ጥለው ወጡ። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ተይዘው ከመጡ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። ከእርሳቸው በኋላ ክልሉን የመሩት ኦሞት ኦባንግ ኦሎም በ2005 ዓ.ም.፣ ጋትሉዋክ ቱት በ2011 ዓ.ም.፣ ኡሞድ ኡጁሉ በ2016 ዓ.ም. ከወንበሩ ተነሡ። ከእነዚህ አንዱም የተነሣው በመራጮች ድምፅ አይደለም።

ገዢው ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ተዋሐደ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ አብዛኛውን ወንበር ብልጽግና ሲይዝ ጥቂቶቹ ለተቃዋሚው ለጋምቤላ ሕዝቦች ነጻነት ንቅናቄ ደረሱ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ድምፅ ከሰጡት ሽማግሌዎች መካከል በልጅነታቸው የኩዋሮ ከበሮ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያዩ ሳይኖሩ አይቀሩም።