ወፍ ዘራሽ ነው ወይስ ሰው የተከለው? የመናገሻ ሱባ ደን ነገር



የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ብዙ ሰው ስለ ጦርነትና ስለ ዘውድ እንድጽፍ ይጠብቃል። ዛሬ ስለ አንድ ጫካ ልጽፍ ነው። ጫካ ታሪክ አለው እንዴ? አለው እንጂ!

አንድ ጊዜ ተማሪዎች ይዘን መናገሻ ሱባ ሄደን ነበር። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ ጽዱን እያየ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ዛፍ ወፍ ዘራሽ ነው አይደል?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን ከ550 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

የደኑ ትውፊት የሚጀምረው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ንጉሡ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው። የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ ስላዩ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዘሩ የመጣው ደግሞ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የወፍ ዋሻ! እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ለምን ከዚያ ድረስ? ዘርዐ ያዕቆብ በመጨረሻ ዘመናቸው ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው ተቀምጠዋል። የወፍ ዋሻ ደን ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ትውፊቱ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይገጥማል ማለት ነው።

አሁን የዚያን ዘመን አኗኗር አስቡት። የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ እንጨቱ ለማገዶና ለጎጆ ያልቃል፣ ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዛፍ ሲያልቅ ከተማ ይሄዳል እንጂ ከተማ ዛፍ አይተክልም። በዚህ ልማድ መሀል ዛፍ ማስተከል ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሄ ልማድ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋ ተመነጠረና የማገዶ ችግር ጠናባት። ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ አደገና ማገዶውን ሸፈነ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እስቲ ካርታ አውጥታችሁ እዩ። ወጨጫ ያለው እዚያው አጠገብ፣ በተራበችው ከተማና በአዲስ ዓለም መካከል ነው። ከተማው ሁሉ እንጨት ሲያሳድድ ይሄ ደን እንዴት ተረፈ? በአጋጣሚ አይደለም። የቤተ መንግሥት ደን ተብሎ ይጠበቅ ስለነበር ነው። በኋላ መጋዝ ገብቶበት ብዙ ጽድና ዝግባ ቢወድቅም ጨርሶ አልጠፋም።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ሙሉ መልሱ «ሁለቱም» ነው። ሰው ተከለ፣ ሰው ጠበቀ፤ ወፍ ደግሞ የጽዱን፣ የዝግባውንና የወይራውን ፍሬ እየበላ ዘሩን ወስዶ ሌላ ቦታ ጣለ። ጉንጩ ነጭ፣ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ የሆነ ወፍ እዚያ ታያላችሁ። ፍሬ ለቃሚ ነው። እንግዲህ እሱ ከንጉሡ በኋላ ሥራውን ያላቋረጠ አትክልተኛ ነው። ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የደገኛው ቁራም አለ። ከዛፍ ዛፍ የሚዘል ጉሬዛ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልስጥ፦
- በጠዋት ድረሱ። ወፍ በቀትር ዝም ይላል፣ ይደበቃል።
- ሙዚቃ አትክፈቱ። ዝም ብላችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።
- በሩ ላይ አስጎብኚ ጠይቁ። የአካባቢው ሰው ወፉን ከማየቱ በፊት በድምፁ ይለየዋል።
- ከቻላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ታች ጽድና ዝግባ ነው፤ እየወጣችሁ ስትሄዱ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ ይመጣል። የወጨጫ አናት 3,385 ሜትር ነው፤ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ።
- ላስቲክና ኮዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ያስተከሉት ጽድ ትልቅ ሲሆን አላዩትም፤ የተከሉት ገበሬዎችም አላዩትም። ስማቸው በየትኛውም የፈተና ወረቀት ላይ አይመጣም። እኛ ግን ከጥላው ሥር ቆመን ወፍ እንቆጥራለን። ዘንድሮ ችግኝ የተከላችሁ ካላችሁ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሳችሁ ውሃ አጠጡት። ደን የሚሆነው የተተከለው ሳይሆን የተጠበቀው ነው።