ባርነትን ለማጥፋት ጦርነት ግድ ነበርን?

ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት መንስኤ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዶች የክፍለ ግዛቶች ሥልጣንና የቀረጥ ጉዳይ ነው ይላሉ። ነገር ግን ሚሲሲፒ ከኅብረቱ መለየቷን ስታስታውቅ፣ አቋሟ ከባርነት ሥርዓት ጋር የተቆራኘ መሆኑን በገዛ መግለጫዋ አረጋግጣለች። ስለሆነም የመንስኤው ጥያቄ በተገንጣዮቹ ቃል ተመልሷል።

የሚቀረው የአስፈላጊነቱ ጥያቄ ነው። ከ600,000 በላይ ሰው ያለቀበት ጦርነት ሊቀር አይችልም ነበርን? ይችል ነበር የሚሉ ወገኖች የብሪታንያን ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ይኸውም በ1833 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ በመክፈል በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ማስቀረቷ ነው። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 እ.ኤ.አ. በኅብረቱ ለቀሩት ባሪያ አሳዳሪ ክፍለ ግዛቶች ካሣ ቢያቀርቡ አልተቀበሏቸውም። የሰላሙን በር የዘጉት አሳዳሪዎቹ ነበሩ።

ለዚህ ክርክር የኢትዮጵያ ታሪክ ሌላ ሚዛን ያቀርባል። ባርነት በፍትሐ ነገሥት የታወቀ፣ በመኳንንቱ ቤትና እርሻ ሥር የሰደደ፣ በዘመቻ ምርኮና በፍንገላ ሲታደስ የኖረ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ አገሪቱ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት ያወጡት አዋጅ፣ ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነፃ እንዲሆን፣ ባሪያውም ጌታው በሞተ በ7 ዓመት ነፃ እንዲወጣ ደነገገ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጊዜውን ወደ 1 ዓመት አሳጠረው። በዚህ አኳኋን ባርነትን ለማስቀረት ሲባል የእርስ በርስ ጦርነት አልተነሣም።

ዝግታው ግን ዋጋ ነበረው። ዋጋውንም የከፈለው መንገዱን የመረጠው ሳይሆን፣ የጌታውን ሞት ሲጠብቅ ዕድሜው ያለቀው ባሪያ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያም በ1928 ዓ.ም. ለወረራዋ ባርነትን ሰበብ አድርጋ በዓለም ፊት አቀረበች። ፍጹም የሆነው ክልከላ የታወጀው ከድል በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነበር።

በሁለቱም አገር ነፃነት ከመሬት ጋር ስላልመጣ ብዙዎች በቀድሞ ጌቶቻቸው ደጅ ቀሩ፤ ስድቡም ከአዋጁ በኋላ ቆየ። እንግዲህ የጦርነትን ኪሣራ በሙታን ቁጥር የሚመዝን ሁሉ፣ በሰላም ስም በባርነት ያለፈውን ዕድሜም በዚያው ሚዛን ላይ ማኖር ይገባዋል።