ኦፖርቹኒቲ፤ በማርስ ምድር ላይ የዋለች ተሽከርካሪና የዕለት ሥራዋ

ኦፖርቹኒቲ፣ የዩናይትድ ስቴትስ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ፣ የጥንቶቹ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍታችን መሪኅ ብለው በሚጠሩት በማርስ ገጽ ላይ እየተዘዋወረች ዐለቱንና አፈሩን እንድትመረምር የላካት፣ ስድስት መንኰራኵር ያላት፣ ኃይሏን ከፀሐይ የምታገኝ ሰው አልባ ተሽከርካሪ ናት። በጁላይ 2003 (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከፍሎሪዳ ጠረፍ በሮኬት ተተኵሳ፣ በጃንዋሪ 25 ቀን 2004 ሜሪዲያኒ ፕላነም በተባለው፣ በፈለኩ ወገብ አጠገብ በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ ዐረፈች። የተመደበላት የሥራ ዘመን 90 የማርስ ቀን ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻ ቃሏን ለምድር የላከችው ግን በ5,111ኛው ቀን፣ በጁን 10 ቀን 2018 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የሄደችው መንገድ ሲደመር 45.16 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም አንዲት ብርቱ በቅሎ ማልዳ ተነሥታ ሲመሽ የምትጨርሰው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከምድር ውጭ ከተነዱት ተሽከርካሪዎች ሁሉ የእርሷን ያህል የሄደ አልነበረምና፣ ሉኖኮድ ሁለት የተባለችው የሶቪየት ተሽከርካሪ በ1973 በጨረቃ ላይ ያስመዘገበችውን 39 ኪሎ ሜትር በጁላይ 2014 አልፋለች። ከዚህ ያደረሳት ፍጥነት አይደለም፤ በየዕለቱ ሳይታክት የተደጋገመ ጥቂት ጥቂት ሥራ ነው።

ስሟ በእንግሊዝኛ መልካም አጋጣሚ ማለት ሲሆን፣ ያወጣችላት ለዚሁ በተደረገው የጽሑፍ ውድድር ያሸነፈች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሦስት ሳምንት ቀድማት ጉሴቭ በተባለው ጐድጓዳ ውስጥ ያረፈችው መንትያዋም በዚያችው ልጅ ስፒሪት፣ ማለትም መንፈስ፣ ተብላለች። ኦፖርቹኒቲ በምድር ሚዛን 185 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ጀርባዋ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፤ ከፊቷ በቆመው ምሰሶ ጫፍ ላይ የሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ካሜራዎቿ ተተክለዋል፤ ከደረቷ ሥር ደግሞ እንደ ሰው ክንድ በትከሻ፣ በክርንና በእጅ አንጓ የሚታጠፍ ክንድ አላት። ኮምፒውተሯና ባትሪዋ የተቀመጡት በሆዷ ውስጥ ባለ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ በተለበጠ ሣጥን ነው፤ ይኸውም የማርስ ሌሊት ከዜሮ በታች ወደ 100 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችልና ባትሪ ቅዝቃዜን ስለማይችል ነው።

የማርስ ቀን፣ ጠበብቱ ሶል ብለው የሚጠሩት፣ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ከእኛ ቀን የሚተርፈው ይህ አርባ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ እንደ ዋዛ ቢታይም፣ ዛሬ በጧት ሥራ የጀመረውን ሰው ከዐሥራ ስምንት ቀን በኋላ በምሽት እንዲጀምር ያስገድደዋል። ተሽከርካሪቱን የሚመሩት በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ከተማ ባለው የጄት ፕሮፐልሽን ቤተ ሙከራ የሚገኙ መሐንዲሶችና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሊቅ በስቲቭ ስኳየርስ የበላይነት የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በማርስ ሰዓት ይኖሩ ነበር፤ መስኮታቸውን በጥቁር መጋረጃ ጋርደው፣ ሰዓት ሠሪ ሆን ብሎ ዘገምተኛ አድርጎ የሠራላቸውን የእጅ ሰዓት አስረው፣ ጎረቤታቸው እራት ሲበላ ቁርሳቸውን ይበሉ ነበር። ለዘጠና ቀን የታሰበውን ሥርዓት ለዓመታት መሸከም ለሥጋም ለትዳርም የሚከብድ ነውና፣ ሥራው ሲራዘም ወደ ምድር ሰዓት ተመለሱ፤ ስለዚህም የሁለቱ ፈለኮች ቀን በማይገጣጠምበት ሳምንት የትናንቱ ውጤት ከመድረሱ በፊት የነገውን ትእዛዝ መጻፍ ግድ ስለ ሆነ፣ መንገድ የሚሄዱት አንድ ቀን እየዘለሉ ነበር።

የአንድ ሶል ውሎ የሚጀመረው ፀሐይ ከፍ ብላ ሰሌዳዎቹን ስታሞቅ፣ በእኛ አነጋገር ከረፋዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ግድም ነበር። ተሽከርካሪቱ ነቅታ አንቴናዋን ወደ ምድር ታዞራለች፤ በካሊፎርኒያ፣ በማድሪድና በካንቤራ ከተተከሉት ታላላቅ አንቴናዎች ፊቱን ወደ ማርስ በመለሰው በኩል የመጣላትን የቀኑን ትእዛዝ ትቀበላለች። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት። ማርስ ሲቀርብ 55 ሚሊዮን፣ ሲርቅ ደግሞ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በብርሃን ፍጥነት የሚሄደው የሬዲዮ ሞገድ እንኳ ለአንድ ጉዞ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እንግዲህ ‹ገደል አለ፣ ቁሚ› ብሎ የሚጮኽ ሰው ድምፁ የሚደርሰው ከወደቀች በኋላ ነውና፣ መሪ ይዞ እንደ መኪና መንዳት የማይታሰብ ነገር ነው። የታዘዘችውን ፈጽማ ከሰዓት በኋላ ማርስ ኦዲሲ የተባለችው ሳተላይት በላይዋ ስታልፍ፣ ያየችውንና የለካችውን ለእርሷ አስረክባ ትተኛለች፤ ሳተላይቷም ወደ ምድር ታሻግረዋለች።

በምድር ያሉት ሰዎች ሥራ የሚጀመረው እርሷ ስትተኛ ነበር። መጀመሪያ ደኅንነቷ ይጠየቃል፤ ባትሪዋ ምን ያህል ሞልቶ አደረ፣ መንኰራኵሮቿ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሳቡ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው አቧራ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ይባላል። ቀጥሎ ሊቃውንቱ ይሰበሰቡና የነገው ኃይልና ጊዜ ለምን ይዋል በሚለው ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሰማዩን እንድታይ፣ ሌላው ይህን ድንጋይ እንድትፍቅ፣ ሦስተኛው ቶሎ ከዚህ ተነሥታ እንድትሄድ ሲሻ፣ ክርክራቸውን የሰማ ሰው ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች ይመስሉታል። የተስማሙበት ነገር በነጂዎቹ እጅ ሲገባ፣ እነርሱ ከሁለት ካሜራ የተነሡትን ሥዕሎች በልዩ መነጽር አጣምረው ጥልቀቱንና ቁልቁለቱን እያዩ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በኮምፒውተር አስቀድመው ያስኬዱታል፤ ትእዛዙ ተጽፎ፣ በሌሎች ዓይን ተመርምሮ፣ ስሕተት እንደሌለበት ሲረጋገጥ ብቻ ይላካል።

አነዳዱ ሦስት ዐይነት ነበር። ነጂዎቹ በሥዕሉ ላይ አጥርተው ያዩትን መሬት ‹ይህን ያህል ሜትር ቀጥ ብለሽ ሂጂ› ብለው ያዝዟታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ራሷ ጥቂት ሄዳ እየቆመች፣ ፎቶግራፍ እያነሣች፣ መሰናክሉን እየለየች ትሻገረዋለች፤ አሸዋ ወይም ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከመንቀሳቀሷ በፊትና በኋላ ያሉትን ሥዕሎች አስተያይታ በእውነት መጓዟን ወይም ባለችበት መንሸራተቷን ትመዝናለች። በደረቅ ሜዳ የፍጥነቷ ጣሪያ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እየመረመረች ስትሄድ ግን ከዚያ እጅግ ያንስ ነበር። በአንድ ቀን ከሄደችው ሁሉ የሚበልጠው በማርች 2005 የተጓዘችው 220 ሜትር ነው።

የክንዷ ሥራ ከእግሯ ሥራ ይልቅ አዝጋሚ ነበር። በክንዱ ጫፍ ላይ አጉልቶ የሚያይ ካሜራ፣ ጀርመኖች የሠሯቸው ሁለት የማዕድን መመርመሪያዎችና አንድ የዐለት መፋቂያ ተሰክተዋል፤ መፋቂያው የዐለቱን ገጽ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቦርቡሮ፣ ከዘመናት አቧራና ዝገት በታች ያለውን ጽሩይ አካል ይገልጣል። ይህ መሣሪያ በኒው ዮርክ፣ በማንሃተን ስለ ተሠራ፣ የኬብሉ መከለያ በሴፕቴምበር 2001 ከፈረሱት መንትያ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ከተገኘ አሉሚኒየም ተቀርጾ ነበርና፣ ያ ብረት ዛሬ በማርስ ላይ አለ። ከመመርመሪያዎቹ አንዱ የሚሠራው በኮባልት ጨረር ሲሆን፣ የጨረሩ ኃይል በየ271 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ መጀመሪያ በጥቂት ሰዓት የሚያገኘውን ውጤት በኋለኞቹ ዓመታት ለማግኘት ብዙ ቀን በአንድ ዐለት ላይ ተደግፎ መቆየት ነበረበት፤ ያረጀ ሰው ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኑን እንደሚያቆየው ማለት ነው።

ሜሪዲያኒ የተመረጠው ሄማታይት የተባለው፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ ባለበት የሚፈጠር የብረት ማዕድን እንዳለበት ከሰማይ ስለ ታየ ነው። ዕድል ረድቷት በአየር በተነፉ ከረጢቶች ተጠቅልላ እየነጠረች የቆመችው ኢግል በተባለ 22 ሜትር ስፋት ባለው ጐድጓዳ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው በርቀት ሳይሆን በቅርብ በድርብርብ የተነጠፈ ገላጣ ዐለት ነው። በዐለቱ ውስጥና በአሸዋው ላይ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የሚያህሉ ድቡልቡል ጠጠሮች ተበትነው ተገኙ፤ ሲመረመሩም የሄማታይት ጠጠሮች ሆኑ፤ በዐለቱም ውስጥ ጃሮሳይት የተባለው፣ በአሲዳማ ውኃ ካልሆነ የማይፈጠር ጨው ተገኘ። በማርች 2004 ናሳ ያ ስፍራ በጥንት ዘመን በውኃ የራሰ እንደ ነበረ አስታወቀ። ዘጠናው ቀን ሳይሞላ የተላከችበት ጥያቄ ተመልሷል ማለት ነው፤ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነበር።

ትርፉ ግን ከዋናው በለጠ። ስማቸው ከታወቁ አሳሾች መርከቦች በተወሰደ ጐድጓዶች መካከል እየተጓዘች፣ በ2004 ወደ ኢንዱራንስ ወርዳ ወጣች፤ በጃንዋሪ 2005 በሌላ ፈለክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀውን ከሰማይ የወደቀ የብረት ዐለት አገኘች፤ በ2006 ወደ ቪክቶሪያ ደረሰች። በመካከሉ በኤፕሪል 2005 ለዓይን ምንም በማትመስል የአሸዋ ክምር ውስጥ መንኰራኵሮቿ በከንቱ እየዞሩ ሰጠሙ፤ እርሷም ሄድሁ ብላ የቆጠረችው መንገድ ሁሉ ባለችበት መቆፈር ነበር። በፓሳዴና ያሉት መሐንዲሶች ያንን የመሰለ ልል አፈር ቀላቅለው፣ አምሳያዋን በዚያ ቀብረው፣ መውጫውን ለሳምንታት ሲፈልጉ ከቆዩ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እያስኬዷት በጁን 4 አወጧት። ስፍራውን ፐርጋቶሪ አሉት፤ ካቶሊካውያን መንጽሔ የሚሉት፣ ነፍስ ተሠቃይታ የምትወጣበት ስፍራ ነው። መንትያዋ ስፒሪት በ2009 እንዲሁ በአሸዋ ተይዛ ሳትወጣ ቀርታለች።

የሕይወቷ መለኪያ ኃይል ነው። ሰሌዳዎቿ አዲስ ሳሉ በቀን 900 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጡ ነበር፤ አቧራ ሲከማችባቸው ግን ይቀንሳል። ፈጣሪዎቿ የአጭር ዕድሜ የተነበዩላት ይህን አቧራ ፈርተው ነበር፤ ዳሩ ግን የማርስ ነፋስ በየጊዜው ሰሌዳዎቹን ጠርጎ አጸዳላቸው፤ እንደዚህ ያለውን ጠራጊ ማንም በበጀት አልያዘም። በክረምት የፀሐይዋ መንገድ ወደ ሰሜን ስለሚያዘነብል፣ ነጂዎቹ ወደ ሰሜን በሚያይ ተዳፋት ላይ አቁመው ጀርባዋን ለፀሐይ ይሰጧት ነበር። በጁላይ 2007 የተነሣው የአቧራ ዐውሎ ኃይሏን በቀን ወደ 128 ዋት ሰዓት አውርዶት ሳለ፣ ለቀናት አንዳች ሳትሠራ ተኝታ አለፈችው።

እርጅናዋም እንደ ሰው እርጅና ቀስ በቀስ መጣ። በትከሻዋ ያለው ማሞቂያ ካረፈችበት ዕለት ጀምሮ አልጠፋ ብሎ ባትሪዋን ስለሚበላ፣ ሌሊት ሌሊት ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ ቈርጠው በከባድ እንቅልፍ ያስተኟት ነበር። ከ2005 ጀምሮ የቀኝ የፊት መንኰራኵሯ አልጠመዘዝ አለ፤ ብዙውን መንገድ ወደ ኋላ እየሄደች ተጓዘችው። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚቀመጠውን ሁሉ የምትይዝበት ማኅደረ ትውስታዋ ተበላሸና፣ ከመተኛቷ በፊት ያልላከችውን ስትነቃ አታስታውሰውም፤ ስለዚህ የየቀኑን ሥራ በዚያው ቀን ማስረከብ ግዴታዋ ሆነ። እንዲህ ሆናም ከቪክቶሪያ ተነሥታ ሦስት ዓመት ያህል ተጉዛ፣ በኦገስት 2011 ስፋቱ 22 ኪሎ ሜትር ወደሚሆነው ኢንዴቨር ጐድጓዳ አፋፍ ደረሰች፤ በዚያም የአውራ ጣት ስፋት ያለው የጀሶ ጅማት በዐለት ስንጥቅ ውስጥ አገኘች፤ በ2013 ደግሞ ሊጠጣ በሚችል ለስላሳ ውኃ ውስጥ የተፈጠረ ሸክላ አፈር መረመረች። በማርች 2015 የማራቶንን 42.195 ኪሎ ሜትር ከዐሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ፈጸመች።

በሜይ 2018 መጨረሻ የተነሣው ዐውሎ ፈለኩን ሁሉ ሸፈነ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ኃይሏ ከ645 ወደ 22 ዋት ሰዓት ወረደ፤ በወትሮው ከአንድ ብዙም የማይርቀው የጭጋጉ መለኪያ 10.8 ደረሰ፤ ይህም እኩለ ቀን ጨለማ ሆነ ማለት ነው። ባትሪዬ ደከመ፣ ምድሩም ጨለመብኝ ብላ ተሰናበተች ተብሎ በዓለም የተወራው፣ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አንድ ጋዜጠኛ በሰው አነጋገር የተረጎመበት እንጂ እርሷ የላከችው ቃል አይደለም። ለስምንት ወር ተጠርታ ሳትመልስ ስለ ቀረች፣ ናሳ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2019 ሥራዋ መፈጸሙን አስታወቀ። ዛሬም ፐርሲቪራንስ በተባለው ሸለቆ ተዳፋት ላይ ቆማለች። በመጨረሻው ዕለት ካሜራዋን ወደ ፀሐይ አቅንታ ያነሣችው ሥዕል በሳተላይቷ በኩል መጥቷል፤ ጥቁር ነው፣ ነጫጭ ነጠብጣብም ይታይበታል፤ የታችኛው ክፍሉ ግን ተልኮ ሳያልቅ መስመሩ ስለ ተቋረጠ ባዶ ነው።