ሊብሬው ጋ ያልደረሰ ጥሪ፦ የአውቶማቲክ ማርሽ ጉድለትና የአምባሰል ዳገት

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ሐይቅን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያመራ የአምባሰልን ዳገትና ቁልቁለት ተከትሎ ነው። በዚህ መስመር የሚሠሩ የጭነት መኪና ረዳቶች መኪና በቆመ ቁጥር ጎማ ሥር የድንጋይ ታኮ ያስገባሉ። አውቶማቲክ የሚነዳው ሰው ግን ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም የእጅ ፍሬኑን አይስብም።

«ፒ» ማለት ካምቢዮ ውስጥ ያለች አንዲት የብረት ጥርስ ከጎማዎቹ ጋር በተያያዘ ጥርሳም ቀለበት ላይ ወድቃ መኪናውን መያዟ ነው። በብዙ መኪኖች ትእዛዙን ከማርሽ ዘንጉ ወደ ካምቢዮው የሚያደርሰው ካቦ ሲሆን፣ የካቦውን ጫፍ የምትይዘው ትንሽ ጎሚኒ ናት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚህች ጎሚኒ ሰበብ ነበር። ሙቀትና እርጥበት ሲያደክማት ካቦው ይላቀቃል፤ ዘንጉ «ፒ» ላይ ነው፣ ካምቢዮው ግን ሌላ ማርሽ ውስጥ ነው። ሾፌሩን የሚያነቃ መብራትም ድምፅም ላይኖር ይችላል።

የፊያት ክራይስለር ጉዳይ ይለያል፤ እዚያ የተሰበረ ዕቃ አልነበረም። ዘንጉ ከተገፋ በኋላ ወደ መሀል ስለሚመለስ ሾፌሩ የትኛው ማርሽ እንደገባ በእጁ መለየት አይችልም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ወደ 1.1 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ተዋናዩ አንቶን ዬልቺን በተጠራው ሞዴል በራሱ ጂፕ ተጨፍልቆ ሞተ። ፋብሪካውና ባለቤቱ በአድራሻ በሚተዋወቁበት አገር እንኳ ጥሪ ይዘገያል ማለት ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ የኖረው አብዛኛው መኪና ያገለገለ ነው፤ የፋብሪካው ደብዳቤ የሚሄደው ባሕር ማዶ ወዳለው የቀድሞ ባለቤት ነው። ይሁንና መኪናውን የሚያሳውቀው የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። መርማሪው ፍሬንና መብራት በሚያይበት ዕለት ቁጥሩን በፋብሪካው ክፍት መፈለጊያ ላይ ቢያስገባ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው። እርግጥ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች በተለመደው ባለ 17 ፊደል ቁጥር ስለማይታወቁ በጃፓን ፋብሪካዎች መዝገብ መፈለግ ይኖርባቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ችግሩን አያስቀሩትም። ካቦ የላቸውም፤ ማርሽ የሚገባው በቁልፍ ወይም በሚዞር እጀታ ነው፣ ከካቦው ጎሚኒ ይልቅ የፊያት ክራይስለርን ዓይነት ስሕተት የሚጋብዝም ይኸው ነው። አብዛኞቹን የሚያስገቡት ከፋብሪካው ጋር ውል የሌላቸው ነጋዴዎች በመሆናቸው ጥሪው በእነሱ በኩል ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ የጥሪ ፍተሻ ቦሎ ከሚሰጥባቸው መስፈርቶች አንዱ መሆን አለበት። እስከዚያው ድረስ አንባቢ ሆይ፣ የሻንሲ ቁጥርህን ራስህ ፈትሽ፤ ስትቆምም አስቀድመህ የእጅ ፍሬኑን ሳብ።