የጋምቤላ ወደብ ፎቶዎች የት ይፈለጋሉ?

ጋምቤላ ወደብ ነበረች ሲባል ብዙዎቻችን እንገረማለን። ባሕር የሌለው ከተማ ምን ወደብ አለው? ነገሩ ግን እውነት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ያስተዳድረው የነበረውም በእንግሊዝ ሥር የነበረው የሱዳን መንግሥት ነው። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ይመጡና የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

የሚመጡት በክረምት ነበር። በበጋ ባሮ ስለሚጎድል የመርከቡን ሆድ አሸዋ ይይዘው ነበር። ስለዚህ ቀን የተጻፈበት የመርከብ ፎቶ ከትዝታ በላይ ነው፤ ውሃው ከዳርቻው የት ድረስ እንደደረሰ አይተን ወንዙ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደሞላ መገመት እንችላለን። ቀኑ ከሌለ ግን ይህን ማድረግ ያስቸግራል።

ጣቢያው በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ሱዳን ውስጥ የሠሩ የእንግሊዝ ሹማምንት ወረቀትና ፎቶ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ እንግሊዝ አገር፣ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሱዳን ማኅደር ሲሰበሰብ ቆይቷል። እናም የጋምቤላን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ «ሱዳን»ንም «ሶባት»ንም ሞክሩ። አኝዋኮች ባሮን «ኦፔኖ» እንደሚሉትም አትርሱ።

ፎቶ መጫኑ ቀላል ነው። ከባዱ ከሥሩ የሚጻፈው ነው፦ የት፣ መቼ፣ እነማን። በ1956 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ የጋምቤላ ሰው ዛሬ 80 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ቤታችሁ አሮጌ ፎቶ ካለ ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሱት። ከዚያ ለአያቶቻችሁ አሳዩአቸው፤ የሚነግሯችሁንም ዛሬውኑ ጻፉት።